ቀን ቀን የምትታመም ኳስ

ፊጌይራ ዳ ፎዝ፣ ከዓሣ ተራው ጀርባ፣ ባሕሩ ጨው በሚነፋበት፣
አጎቴ አቢሊዮ ነበረው፣ ሳንቲም የሚውጥ ቤት።
አሥራ አንድ ማሽን ተደርድሮ፣ ሁሉም በአንዴ ሲያለቅስ፣
እሱ የቁልፍ ዘለላ ታጥቆ፣ አንዱን ሲያባብል፣ አንዱን ሲወቅስ።
ቤቱን የጥርስ ሐኪም ገዛው። ማሽኖቹ በጭነት መኪና ሄዱ።
ከሁሉ አንዲት ኳስ ቀረችው፤ ከነሽቦዋ፣ ከነጉዱ።
ብርቱካን የምታክል፣ ነጭ፣ በመዳፍ ታሽታ የወዛች፣
በሁለት የብረት ዘንግ ላይ እንደ ሕፃን የተጋደመች።

«ዙልሚራ» አለኝ በትንሣኤ ማግስት፣ «ከኮምፒውተርሽ ጋር አስተዋውቂያት፤
ጣቶቼ ሳይረሱኝ በፊት፣ እስኪ አንድ ጊዜ ልንካት።»

ማስተዋወቁ ቀላል ነበር። ትንሽ ሰሌዳ ገዛሁ፣
የጥፍር ያህል ቺፕ ያለባት፤ ስድስት ሽቦ ቆጥሬ በየድሁ።
ቀዩ ለኃይል፣ ጥቁሩ ለመሬት፣ የቀሩት አራቱ ለዓይኖቿ፣
(ብርሃን ይቆጥራሉ፣ ሾልኮ ሲያልፍ በጥርሶቿ)።
ያን ሌሊት ሠራች። ቀስቷ በስክሪኑ ላይ ስትንሸራተት፣
ጎረቤት እስክቀሰቅስ ሳቅሁ፤ አጎቴን ለጠዋት ቀጠርሁት።

መጣ። የተተኮሰ ሸሚዝ፣ የተላጨ አገጭ፤
ኳሷን ገፋት ወደ ቀኝ፤ ቀስቷ ወደ ግራ፣ በዚያው ወደ ውጭ።
ዳግም ገፋት። ቀስቷ ካንድ ቦታ ቆማ ተንዘፈዘፈች፣
ብርድ እንደመታው ጫጩት፤ መሄድም መቆምም አልቻለች።
«ንፊባት» አለ። ነፋሁ። «ጎኗን ምቺያት» አለ። መታሁ።
«በእኛ ጊዜማ» ሲል፣ ሳልሰማው ካቻቢቴዬን አነሣሁ።

ሽቦ ቀየርሁ። ብየዳውን አቅልጬ እንደገና በየድሁ።
ቴስተሩ አምስት ቮልት አለኝ፤ አምስት ቮልት አይዋሽም፣ አመንሁ።
ኩሽኔታውን በአልኮል አጠብሁ፤ የሠላሳ ዓመት እድፍ ወጣ፦
የልጅ ላብ፣ የትምባሆ አመድ፣ የተጠበሰ ሰርዲን ሽታ።
ማታ ሠራች። ጠዋት አበደች። ማታ ሠራች። ጠዋት አበደች።
ሰው ብትሆን፣ ማለዳ የምትጠላ ዳንኪረኛ በተባለች።

ዘጠኝ ቀን። የደንበኞቼን የግብር ሰነድ ትቼ፣
በአንዲት ኳስ ፊት ተንበርክኬ፣ ሠርቼ፣ አፍርሼ፣ ሠርቼ።
አቢሊዮ በየጠዋቱ መጣ፤ ወንበሩን ከመስኮቱ ሥር፣
እጆቹን ከጉልበቱ ላይ አንጥፎ፣ ተራው እንዳልደረሰ ባለጉዳይ፣ ሳይናገር።
እጆቹን ያኔ አየኋቸው። የግራው ይንዘፈዘፋል፣
ልክ እንደ ቀስቷ። አየሁና ዞርሁ።
እሱ በካቻቢቴ አይፈታም፤ ይታለፋል።

በዐሥረኛው ቀን፣ የውቅያኖስ ፀሐይ መስታወቱን ጥሳ ስትገባ፣
«ዓይኔን በላችው፤ ትንሽ ላሸልብ» አለና፣ እያዛጋ፣
ተነሥቶ መጋረጃውን ሳበ።

ቀስቷ ቆመች።
ኳሷን በአንድ ጣት ነካኋት፤ አንድ ጣት ያህል ተራመደች።
መጋረጃውን ከፈትሁ፤ አበደች። ዘጋሁ፤ ጨዋ ሆነች።
ከፈትሁ።
ዘጋሁ።
«አሁን ያበድሽውስ አንቺ ነሽ» አለኝ።

ዕድሜዋን ሙሉ በሣጥን ሆድ፣ በእንጨት ጨለማ የኖረች፣
ከራሷ ጭላንጭል በቀር ሌላ ብርሃን መች አየች?
እኔ ሞኟ፣ ውበቷ ይታይ ብዬ በጠራ ፕላስቲክ አስቀመጥኋት፤
ዓይን ያላትን ፍጡር በብርሃን ብዛት አሳወርኋት።
ይህን ስነግረው ሳቀ። «ውስጡን ጥቁር እቀባ ነበር፣ በየዓመቱ፤
ለምን እንደሆነ እኔ እንጃ፤ የቀደመኝም ይቀባ ነበር» አለ፣ በኩራቱ።

ባዶ የብስኩት ጣሳ አገኘሁ። ቀደድሁት፤ ውስጡን አጠቆርሁት፤
አናቷ ብቻ ብቅ እንዲል፣ እንደ ቆብ አጠለቅሁላት።
አቢሊዮ እጁን ጣለባት። ቀስቷ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣
ትንሽ እየተንቀጠቀጠች። ቴስተሬን አነሣሁ። አስቀመጥሁት። አይ፣
ይህ መንቀጥቀጥ የእሷ አይደለም።
እሷማ አሁን ያየችውን ነው የምትናገር።

«ስንት ነው?» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።
«በነጻ» አልሁት። ቅር አለው።
ኪሱን በረበረ፤ ሃምሳ ሳንቲም ከጣሳው አጠገብ አኖረ።
እስከ ዛሬ እዚያው ናት።